በኩንታል የማይመዘነው ጥቁር እንጨት

የእንጨት ንግድ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ግንድ ጭኖ ዳገት ላይ የሚያቃስት አይሱዙ ወይም አጣና ተራ የተደረደረ ጣውላ ነው። ደላላውም ቢሆን የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ኪዩቢክ ሜትር አለ?" የሚል ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው የእንጨት ዕቃ ግን ቡና መጠጫ ሲኒ ውስጥ የሚገባ፣ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከ20 ግራም የማይበልጥ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ጭነት ጣውላ የበለጠ ሊያነጋግር ይችላል።

ዕቃው በቅርጹ እንስራን ይመስላል። ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ ነው። ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ የሆዱ ወርድ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አፉ ደግሞ እርሳስ ቢያሳልፍ ነው። ከጠንካራ እንጨት በቶርኖ ተጠርቦ፣ ውስጡ በዚያችው ጠባብ አፍ በኩል ተፈልፍሎ ይወጣል። ውኃ አይቀዳበትም፣ ሽቶም አይቀመጥበትም። ገዢው መደርደሪያው ላይ አኑሮ ሊያየው፣ አልፎ አልፎም በእጁ አንሥቶ በቅለቱ ሊደነቅበት ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። በዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚጠቀሰው የአዳም ስሚዝ የውኃና የአልማዝ እንቆቅልሽ እዚህም ይሠራል። የሚጠቅመው ርካሽ፣ የማይጠቅመው ውድ ነው።

ለመሆኑ ይህን የሚገዛ ማን ነው? ገበያው በዋናነት አሜሪካ፣ ቀጥሎም አውሮፓ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስዎርዝ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጫፋቸው የታጠፈ የብረት መሣሪያዎችን ሠርቶ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንጨት መፈልፈልን ካሳየ ወዲህ፣ ቶርኖ የወንበር እግር ማውጫ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሥራው ወደ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ መሸጫ አዳራሾች ገባ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሱ ነበር። ቦኒ ክላይን የተባለችው ሌላዋ አሜሪካዊት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቶርኖ አውጥታ የጥቃቅን ዕቃ ሥራን ለብዙዎች አስተማረች። በጀርመን ሃንስ ቫይስፍሎግ በእጅ መዳፍ የሚያዙ፣ ውስጣቸው የተፈለፈለ ክዳን ያላቸው ሙዳዮቹን የሚሠራው አዘውትሮ ከአንድ አፍሪካዊ እንጨት ነው።

የነጋዴው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ እንጨት ነው።

ልቡ ጥቁር

እንጨቱ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን ይባላል። ታንዛኒያዎች ምፒንጎ ይሉታል። በዓለም ገበያ የሚታወቀው የአፍሪካ ጥቁር እንጨት እየተባለ ነው። ክላሪኔት ያዳመጠ ሰው ሁሉ ይህን እንጨት ሳያውቀው ሰምቶታል፤ የክላሪኔትና የኦቦ አካል በአብዛኛው የሚሠራው ከእሱ ነውና። የማኮንዴ ጥቁር ቅርጻ ቅርጽም ከእሱ ነው።

ዛፉ ለዓይን የሚማርክ አይደለም። እሾኻማ፣ ጠማማ፣ ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣ የቆላ ዛፍ ነው። ለመሣሪያ ሥራ የሚበቃ ውፍረት እስኪይዝ ከ70 እስከ 100 ዓመት ይፈጅበታል ይባላል። የሚፈለገው መሐሉ ብቻ ነው፤ ጥቁሩን ልብ የሚሸፍነው ዳር ቢጫ ነጭ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ደረቅ ልበ እንጨት ከ1,200 እስከ 1,300 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ውኃ ላይ ሲጣል ይሰጥማል። ግንዱ ጠማማ፣ ስንጥቅና ጉድጓድ የበዛበት በመሆኑም ለሙዚቃ መሣሪያ ሲሰነጠቅ እንከን የሌለው ሆኖ የሚወጣው ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ቁርጥራጭ፣ መጋዝ ዱቄትና ማገዶ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ክላሪኔት ሠሪው 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ንጹሕና ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጋል፤ ትንሿን እንስራ የሚሠራው ግን 7 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሌላው የጣለውን ይኸኛው ያነሣል። ስንጥቁን ቆርጦ ጥሎ፣ በሁለት ስንጥቅ መካከል ያለችውን ጤነኛ ቁራጭ ይወስዳል። የጥሬ ዕቃው ዋጋ የሚወሰነው እንግዲህ በግንዱ ገበያ ሳይሆን በቁርጥራጩ ገበያ ነው ማለት ነው።

በማይታይ ጉድጓድ ውስጥ

ሥራው እንዴት ነው? ከወጪው ትልቁ ጊዜ ስለሆነ ነጋዴውም ቢሆን ይህን ሳያውቅ ሒሳብ መያዝ አይችልም።

መጀመሪያ ቁራጩ መድረቅ አለበት። ይህ እንጨት ከመጠን በላይ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ውስጡ ያለው እርጥበት የሚወጣው በዝግታ ነው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ወይም ቆርቆሮ ሥር ከተከማቸ ጫፍና ጫፉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። መፍትሔው ገና እንደተቆረጠ ሁለቱንም ጫፍ በቀለጠ ሰም ዘግቶ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማኖር ነው። የሚያስፈልገው ጊዜ በወራት ሳይሆን በዓመታት ይቆጠራል።

የደረቀው ቁራጭ በማንድሪኖ ይያዝና ይሽከረከራል። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ በደቂቃ 2,000 ዙርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የውጩ ቅርጽ ይወጣል። ይህ ቀላሉ ነው፤ የወንበር እግር የሚያወጣ ባለሙያ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይደርስበታል። ከዚያ በአፉ በኩል በትራፓኖ ጥርስ እስከ ታች ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀዳዳው ጥልቀቱን ያሳያል፣ መሣሪያውም መነሻ ያገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን ጠንካራ ብረት በጠባቡ አፍ ይገባል። ሠራተኛው ጫፉን አያየውም። መሣሪያው የት እንዳለ የሚነግረው በእጁ የሚሰማው ንዝረትና የድምፁ ለውጥ ነው፤ ግድግዳው እየሳሳ ሲሄድ ድምፁም ይለወጣል። ፍቅፋቂው ውስጥ ስለሚታመቅ በየጊዜው ማሽኑን አቁሞ በአየር መንፋት ግድ ነው። አለዚያ የታመቀው ፍቅፋቂ መሣሪያውን ይይዘዋል፣ ዕቃውም በአንድ አፍታ ይሰበራል። የግድግዳው ውፍረት በታጠፈ ሽቦ እየተለካ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሥራው ይቆማል። አንድ ሚሊ ሜትር ቢታለፍ እስከዚያ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥቁሩ እንጨት የራሱ አመልም አለው። ስለቱን ቶሎ ያደንዛል፤ ሠራተኛው ደግሞ ደጋግሞ መሳል አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ከጋለ በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላል። ብናኙ ቆዳን ያሳክካል፣ መተንፈሻንም ያስቆጣል፤ ስለዚህ ጭምብልና ብናኝ መሳቢያ ለቅንጦት የሚገዙ አይደሉም። ውለታው ደግሞ እንጨቱ በተፈጥሮው ቅባታም በመሆኑ ቫርኒሽ አለመጠየቁ ነው። ጥቂት ሰም ተቀብቶ በጨርቅ ከተወለወለ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያበራል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። 5 በ5 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 175 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱ 220 ግራም ገደማ ነው። ከእሱ የሚወጣው ባለ 2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ እንስራ፣ ወፍራም መቀመጫውን ጨምሮ፣ 20 ግራም ቢሆን ነው። 200 ግራሙ ፍቅፋቂ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል።

አንድ የበቃ ሠራተኛ በቀን አራት ይሠራል እንበል። 500 ዕቃ ለመሥራት 125 የሥራ ቀን፣ ማለትም ወደ አምስት ወር ይፈጅበታል። የሚያስፈልገው ጥሬ እንጨት 110 ኪሎ ነው። ከአምስቱ አንዱ ይሰበራል ብለን ብናስብ እንኳ ከ140 ኪሎ አይበልጥም፤ ይህ ሁሉ በአንድ ባጃጅ በሁለት ምልልስ የሚያልቅ ዕቃ ነው። የተጠናቀቁት 500 ዕቃዎች ደግሞ በአንድ ሻንጣ ይገባሉ። ክብደታቸው 10 ኪሎ ነው።

የመሸጫ ዋጋው እንደ ሠራተኛው ስምና እንደ ሥራው ጥራት ይለያያል። ለሒሳብ ያህል አንዱን 40 ዶላር እንበለው። 500ው 20,000 ዶላር፣ ኪሎው 2,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት አገራችን ወደ 300 ሺህ ቶን ቡና ልካ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስታገኝ የአንዱ ኪሎ አማካይ ዋጋ 5 ዶላር እንኳ አልሞላም። ንጽጽሩ ዓይን የሚያስከፍት ቢሆንም ማንም እንዳይሳሳት፤ ቡና የሚጠጣ ሰው በቢሊዮን ይቆጠራል፣ የእንጨት እንስራ የሚሰበስብ ግን ትንሽ ክበብ ነው። አምስት ሺህ ዕቃ በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ ቢወጣ 40 ዶላሩ የት እንደሚወርድ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። ይህ አንድ ባለሀብት ሃምሳ ቶርኖ ተክሎ የሚከብርበት ዘርፍ አይደለም። አራት አምስት ባለሙያ ያለው ቤት ግን ሊኖርበት ይችላል።

ከላይ የተጠቀሰችው 10 ኪሎ እንዲሁ ለሒሳብ ምቾት የተመረጠች አይደለችም።

አሥር ኪሎዋ

እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡት የሳይተስ አባል አገሮች፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው ስምምነት ፈራሚዎች፣ መላውን የዳልበርጂያ ወገን በሁለተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቡት። ምክንያቱ በዋነኛነት ቻይና ውስጥ ለቀይ እንጨት የቤት ዕቃ የነበረው ከፍተኛ ፍላጎት ነው። ውሳኔው እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ ሲጸና ጥቁሩ እንጨትም አብሮ ተያዘ። በአንድ ጭነት እስከ 10 ኪሎ ድረስ ያለ ፈቃድ እንዲያልፍ የተፈቀደው ለንግድ ላልሆነ ዕቃ ብቻ ነበር። በመሆኑም ክላሪኔት ሻጩም፣ ትንሽ ሙዳይ ሻጩም የፈቃድ ወረቀት ተሸክሞ መሄድ ግድ ሆነበት።

የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ጮኹ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ጄኔቫ ላይ ድንጋጌው ተሻሻለና ኅዳር 26 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ወጡ። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ የተጠናቀቀ ዕቃ ሆኖ በውስጡ ያለው የዚህ እንጨት ክብደት በአንድ ጭነት ከ10 ኪሎ ካልበለጠ፣ ለንግድም ቢሆን፣ ከሳይተስ ፈቃድ ነፃ ተደረገ።

ይህን ከላይኛው ሒሳብ ጋር አያይዙት። ግንድ የሚልክ ነጋዴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የተሰነጠቀ ጣውላ የሚልክም፣ ለውጭ ቶርኖ ሠራተኞች ደረቅ ቁራጭ የሚልክም እንዲሁ፤ ቁራጭ የተጠናቀቀ ዕቃ አይደለምና። የአንድን ሠራተኛ የአምስት ወር ምርት በሻንጣ የሚልከው ግን ከገደቡ አያልፍም። ሕጉ ትንሹን ሠሪ ለመጥቀም ታስቦ የወጣ ባይሆንም ውጤቱ ይኸው ሆነ። ጥሬ ዕቃ ላኪው በር ላይ ሲቆም እሴት ጨማሪው ያልፋል። ስለ እሴት ጭማሪ በየስብሰባው ብዙ ሲባል እንሰማለን፤ በቁጥር ተጽፎ የምናገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው።

የሳይተስ ሰንጠረዥና ማብራሪያው በየሦስት ዓመቱ ገደማ በሚደረጉት ጉባኤዎች ይከለሳል። ስለዚህ ላኪው ጭነቱን ከማሸጉ በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ጽሑፍ ማየት አለበት። ከሁሉም በላይ ከሳይተስ ነፃ መሆን ከሌላ ሕግ ነፃ መሆን አይደለም።

ጊብሰን የከፈለው

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን ነው። የአሜሪካ ሌሲ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የነበረ ሲሆን በ2008 ሲሻሻል እንጨትንም ጨመረ። ዕቃው በተቆረጠበት አገር ሕግ ተጥሶ የተገኘ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ መነገድም ወንጀል ነው። የፌዴራል ወኪሎች እ.ኤ.አ. በ2009 ከማዳጋስካር በመጣ ዞጲ ምክንያት የኩባንያውን ፋብሪካ ፈተሹ፤ በ2011ም ተመለሱ። ኩባንያው በ2012 በስምምነት ጉዳዩን ሲዘጋ 300,000 ዶላር ቅጣት ከፈለ፣ 50,000 ዶላር ለተፈጥሮ ጥበቃ ሰጠ፣ ከ260,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ የተያዘ እንጨትንም ተወ።

እንግዲህ የውጭ ገዢ "ይህ እንጨት ከየት ተቆረጠ?" ብሎ ሲጠይቅ ለወሬ አይደለም። ሠሪው ቁርጥራጩን የገዛበትን ደረሰኝ፣ እንጨቱ የተቆረጠበትን ቦታና ፈቃድ ማሳየት ካልቻለ 20 ግራሙ ዕቃም ቢሆን ዕዳ ነው።

ታንዛኒያዎች በዚህ ረገድ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1992 ስለዚህ ዛፍ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም የተመለከተው የቴክሳሱ የቶርኖ ባለሙያ ጄምስ ሃሪስ፣ በፊልሙ ላይ የታየውን ታንዛኒያዊ የዕፅዋት ባለሙያ ሴባስቲያን ቹዋን አፈላልጎ አገኘው። ሁለቱ በ1996 ዛፉን ለመንከባከብ ፕሮጀክት መሠረቱ፤ ቹዋ እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞት ድረስ በኪሊማንጃሮ አካባቢ ከትምህርት ቤቶችና ከሴቶች ማኅበራት ጋር ችግኝ ሲያፈላ ኖረ። በደቡብ ምሥራቅ ታንዛኒያ ኪልዋ ወረዳ የሚገኙ መንደሮች ደግሞ የራሳቸውን ደን አስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ2009 ኤፍ.ኤስ.ሲ. የተባለውን ዓለም አቀፍ የደን ምስክር ወረቀት አገኙ። ወረቀቱ የውጭው ገዢ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ነው።

በእኛስ ቆላ?

ይህ ዛፍ በአገራችንም በሰሜን ምዕራብና በምዕራብ ቆላዎች ይበቅላል። የዕጣን ዛፍ በሚታወቅበት በመተማና በሑመራ ምድር ነው ያለው። እዚያ ያለው ነጋዴ የሚያውቀው ሰሊጡንና ዕጣኑን ነው። ለሰሊጥ መሬት ሲመነጠር ጥቁሩ ልብ ከሌላው ጋር ይቆረጣል፤ የእርሻ መሣሪያ እጀታ፣ ማገዶና ከሰል ይሆናል። መቶ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ዛፍ በአንድ ምሽት የሚነድ ከሰል ሲሆን፣ የጠፋውን የዕድል ዋጋ የሚያሰላ ሰው በዙሪያው የለም።

ይህን ስንል ግን "እንግዲያውስ ሄደን እንቁረጥ" የሚል ደላላ እንዳይነሣ እንሰጋለን። ከላይ ያየነው ሒሳብ ቆሞ ያለ ዛፍ አይጠይቅም። ለአንድ ባለሙያ የአምስት ወር ሥራ 140 ኪሎ ቁርጥራጭ ይበቃል። በሕጋዊ ፈቃድ ለእርሻ ከተመነጠረ መሬት የሚለቀም ጉቶና ቅርንጫፍ ከዚህ በላይ ነው። በእርግጥ ያም ቢሆን ወረቀት ይፈልጋል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ፤ የክልሎችም ደንብ አለ፤ የመዘዋወሪያ ፈቃድ ሳይያዝ አንድ ማዳበሪያ ቁርጥራጭ እንኳ ኬላ አያልፍም።

የሙያው ነገርስ? ቶርኖ በአገራችን ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው። የአልጋና የወንበር እግር የሚያወጣ እጅ በየከተማው ሞልቷል። የጎደለው ውስጥን የመፈልፈል ልምድ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ በሆነ እንጨት አይለመድም። ለልምምድ የሚሆን ጥሩ እንጨት በደጃችን አለ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወጣው ግንድ ጠንካራ፣ ጭረቱ የደቀቀ፣ ውፍረቱም ለትንሽ ዕቃ የሚበቃ ነው። እስካሁን የሚሄደው ወደ ምድጃ ነው። የወይራ ቁርጥራጭም አለ። ሁለቱም በሳይተስ ሰንጠረዥ ውስጥ የሉም። እንዲያውም ይህ ጸሐፊ እንደሚመስለው "ከኢትዮጵያ ቡና ዛፍ የተሠራ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ሙዳይ ከጥቁሩ እንጨት ይልቅ ራሱን ለመሸጥ ይቀለዋል። ቡናውን ያወቀ ገዢ ታሪኩን ለመስማት ቅርብ ነው፤ ከመነሻው ጋር የሚያያዘው የወረቀት ጣጣም ያነሰ ነው።

የማሽኑ ወጪ የሚያስፈራ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የእንጨት ቶርኖ በውጭ ገበያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። መንጠቆ መሣሪያዎቹን ማንኛውም ጥሩ የብረት ቶርኖ ቤት ካረጀ የትራፓኖ ጥርስ ሞርዶ ሊያወጣቸው ይችላል። ከባዱ ካፒታል ጊዜ ነው። ዛሬ የሚለቀም ጥቁር እንጨት ለቶርኖ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ በዚህ ሥራ የሚገባ ሰው እስከዚያው በቡናና በወይራ እጁን ያፍታታል። ማሽኑ ከመገዛቱ አስቀድሞ የሚያስፈልገውም ጥላ ያለው መጋዘን፣ ጫፉ ላይ የተቆረጠበት ቀንና ቦታ የተጻፈበት የቁራጭ ክምርና አንድ ድስት የቀለጠ ሰም ነው።